ብርቄ በየት ትግባ

ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። በከተማችን መናፈሻ ውስጥ «ለሁሉም ልጆች» የተባለ መጫወቻ ሲታቀድ፣ ለሌሎቹ ልጆች መንሸራተቻ፣ ዥዋዥዌና መንጠላጠያ ተሰጣቸው፤ ለልጅ ልጄ ለብርቄ ግን አግዳሚ ወንበር ተሰጣት። እዚያ ተቀምጣ ሌሎቹ ሲጫወቱ እንድታይ። ብርቄ እግሯ አይታዘዝላትም፤ የምትንቀሳቀሰው ባለ ጎማ ወንበር ላይ ሆና ነው። በከተማው ውስጥ የራሷን መቀመጫ ይዛ የምትዞር ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ እነሱም ከልጆች ሁሉ መርጠው መቀመጫ የሰጡት ለእሷ ነው።

የከተማውን ስም አልጽፍም። ጋይንት ውስጥ ነው፣ ነፋሱ ነጠላ ከትከሻ ነጥቆ ለጎረቤት የሚሰጥበት አገር ነው ካልኩ የሚያውቅ ያውቀዋል። በደሉ ታርሟል። የታረመን ከተማ በስም ጠርቶ ማሳጣት ደግሞ ሌላ በደል ነው፤ እኔ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት በደል አልፈልግም።

ነገሩን ያወቅሁት በማንበብ ነው። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የብርቄን እናት በጀርባዬ አዝዬ ፊደል ቆጠርኩ፤ እሷ ስታለቅስ እኔ «ሀ ሁ» እያልኩ አባበልኳት። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። የዘይት ጀሪካን አነባለሁ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አነባለሁ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የማላውቀው ሰው የሙት ዓመት ማስታወቂያ አነባለሁ። ብቻ ቀስ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ የአውቶቡስ ጎን አንብቤ ሳልጨርስ አውቶቡሱ እኔን ትቶ ወደ ደብረ ታቦር ሄዷል። ቢሆንም ቀስ ብሎ በማንበብ ጥቅም አለው፤ ፈጣኖቹ የሚዘልሏትን ትንሿን ጽሑፍ አገኛታለሁ።

ባጃጅ ወደ ከተማችን በመጣበት ዓመት ነው፤ መናፈሻው በር ላይ ትልቅ ቆርቆሮ ተተከለ። ብርቄን ወደ ትምህርት ቤት እየገፋሁ ሳልፍ ቆም ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በቀለም የተሠራ ሥዕል ነው። በሩ ሦስት ደረጃ አለው። መሬቱ ጠጠር ነው። ልጆቹ በየብረቱ ተንጠልጥለዋል። ከታች ጥግ ላይ ባለ ጎማ ወንበር የያዘች አንዲት ትንሽ ሰው ከአግዳሚ አጠገብ ተሥላለች፤ ከሥሯ በደቃቅ ፊደል «የአካል ጉዳተኞች መመልከቻ» ይላል። እኔ «የአካል» የሚለው ላይ ስደርስ ብርቄ ጨርሳ ነበር። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ትፈጥናለች።

በማግስቱ ግን በመናፈሻው በኩል አልሄድም፣ በወፍጮው በኩል እንሂድ አለች። በወፍጮው በኩል ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ጭቃ ነው፤ ርቀቱም እጥፍ ነው። ሦስት ቀን ገፋሁ። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ ልጅቷ ከመናፈሻው ለምን እንደሸሸች ገባኝ። ለፍትሕ ብቻ ስል ተነሣሁ ብል እዋሻለሁ፤ ጉልበቴም ነገሩ ውስጥ ነበረበት።

ወደ ቢሮው ሄድኩ። መሐንዲሱ ደረጀ ይባላል። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከረባት የሚያስር ልጅ ነው፤ ነፋሱ ከረባቱን ሁልጊዜ ወደ ጀርባው ስለሚጥልበት ከፊት ሲያዩት ያላሰረ ይመስላል። ከወንበሩ ተነሥቶ «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ያመጣኝ ይኸው ተቀመጡ መባል ነው» አልኩት። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ብርቄ በየት ትግባ?»

ብርቄ ማን እንደሆነች፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ጎማ ደረጃ እንደማይወጣና ጠጠር ላይ እንደሚሰምጥ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ዲዛይኑ ከላይ የመጣ መሆኑን፣ በብዙ ከተማ እንዲህ እንደሚሠራ፣ እሱ መለወጥ እንደማይችል ነገረኝ። ከላይ ማለት ከጉና ተራራ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከጉና ሥር ኖሬ ከላይ ሲመጣ ያየሁት ብርድ ብቻ ነው። ሳቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ አለኝ። መጣሁ። አሁንም በሚቀጥለው አለኝ። እንደገና መጣሁ። የቢሮው ሰዎች ከርቀት ሲያዩኝ እርስ በርስ «ብርቄ በየት ትግባ መጣች» ይባባሉ ጀመር። በክርስትና ስሜ ከሚጠሩኝ በዚህ ስም የሚያውቁኝ በዙ።

በጽሑፍ አቅርቢ ሲሉኝ ወደ ጎረቤቴ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። የኔታ ለቅኔ የተፈጠሩ ሰው ናቸው፤ ለማመልከቻ ግን አይደሉም። ብርዕ አንሥተው በሥላሴ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ነው። ሁለተኛው ገጽ ስለ ፍጥረተ ዓለም፣ በተለይም እግዚአብሔር መሬትን ያለ ደረጃ ስለ መፍጠሩ ነው፤ እዚህ ላይ ወደ ነገሩ የተጠጉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ገጽ መሐል ላይ ቀለማቸው አለቀ። ቀኑ መሽቷል፣ ሱቅ ተዘግቷል፤ ጥያቄው ግን ገና አልተጻፈም። በነገታው እኔው በእስክሪብቶ፣ በራሴ ጠማማ ፊደል ከሥር ጨመርኩበት፦ «ብርቄ በየት ትግባ?» ቢሮ ስደርስ መሐንዲሱ ሦስቱን ገጽ አገላብጦ ያችን መሥመር ብቻ አነበበ።

ያን ቀን ተሰላችቶ ነበር መሰል፣ «እማማ፣ የተሻለ ዲዛይን ካለዎት ይዘው ይምጡ» አለኝ።

እሱ ለመሸኘት ብሎ ነው። እኔ ግን ለወግ ያህል የሚባል ነገር አይገባኝም፤ አምጪ ከተባልኩ አመጣለሁ። ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ብርቄን አስቀመጥኳትና ጠየቅኳት።

«ምን ይሠራልሽ?»

መንሸራተቻ ትላለች ብዬ ነበር። ጣራ ጣራውን አየች። «መደበቂያ» አለች።

«ከማን ነው የምትደበቂው?»

«ከሁሉም ነዋ፣ እምዬ። ኩኩሉ ስንጫወት ሁልጊዜ ዓይን የምጨፍነው እኔ ነኝ። እነሱ ይደበቃሉ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ የት እደበቃለሁ? እስካሁን ማንም ፈልጎኝ አያውቅም።»

ስለዚህ ሰፌድ አወረድኩ።

ወረቀት ላይ መሣል አልችልም፤ በጭቃ ግን ልጅ ሆኜ ስንት ቤት ሠርቻለሁ። ሰፌዱ ላይ ጭቃ አነጠፍኩ። በዳር በኩል ኮረብታ አበጀሁ፤ መንገዱ እየዞረ፣ ሳይቸኩል የሚወጣ፣ ነፍሰ ጡር ሴት እንስራ ይዛ የማትደክምበት ዓይነት። ከስንደዶ ጎንበስ ጎንበስ ያለ ዋሻ ሠራሁ፤ ይህ ቀርቀሃ ይሆናል። የጽድ ቅጠል ቀንጥሼ ዛፍ ተከልኩ። በአንድ በኩል ትንሽ ቦይ ቀደድኩ፣ ውኃ እየተንቆረቆረ የሚያልፍበት፣ ከወንበር ላይ ሆኖ እጅ የሚነከርበት። ብርቄ ከጎኔ ሆና «ይህ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጎማ አያሳልፍም» እያለች ታርመኛለች። ሌሎቹን ልጆች በምስር አደረግናቸው። ብርቄን በሽምብራ። ሽምብራዋን ዋሻው ውስጥ አስገባናት።

ጭቃው እንዲደርቅ ደጅ አውጥቼ ለአንድ አፍታ ዞር ስል ዶሮዬ መጥታ ልጆቹን በሙሉ ለቀመቻቸው። የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ በአንድ ዶሮ ሆድ ገባ። እየጮኽኩ ስደርስ ኮረብታውን በጭረት አፍርሳ ቦዩን እየጨመረች ነበር። ከሁሉም የተረፈችው ሽምብራዋ ብቻ ናት፤ ተደብቃ። ብርቄ ያን ስታይ ሳቀች። ከቆርቆሮው ቀን ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ዶሮዋን ለዚህ ስል ይቅር አልኳት።

እንደገና ሠርተን ሰፌዱን በራሴ ተሸክሜ ወደ ቢሮ ወጣሁ። ነፋሱ የጽዱን ቅጠል አስፋልት ላይ በተነው፤ አንድ ባለ ባጃጅ ቆሞ ዛፎቼን ለቀመልኝ። ደረጀ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው መጀመሪያ ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ከዚያ ከረባቱ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ አላወቀም።

«እነዚህ ምስሮች?»

«ልጆች ናቸው።»

«ብርቄ የቷ ናት?»

«ፈልጋት» አልኩት።

በጣቱ ኮረብታውን ዞረ። ከዛፎቹ ሥር አየ። ቦዩን አየ። ቆይቶ ቆይቶ ዋሻው ውስጥ አገኛት፤ በሁለት ጣቱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አድርጎ ተመለከታት። ከዚያ በጥንቃቄ ወደ ቦታዋ መለሳት። መናፈሻው ጀርባ ያለውን ጥግ እንደሚሰጠኝ፣ እዚያ ሠርቼ ካሳየሁት ሌላውን ለማስለወጥ ራሱ ከላይ ያሉትን እንደሚጠይቅ ነገረኝ። በወሩ ውስጥ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉና እስከዚያ ይድረስ አለ።

ደቦ ጠራሁ። በዚህ ጉዳይ ለመታበይ መብት አለኝ፤ የጠራኋቸው ሃያ፣ የመጡት ከዚያ በላይ ናቸው። ገና ልጅ ያልወለደችዋም መጣች፣ ልጆቿ አድገው ያለቁላትም መጣች። ወንዶቹ ቀርቀሃ አምጥተው ጎበጥ ጎበጥ አድርገው ተከሉት፤ የዋሻው ስፋት የሚለካው ብርቄን በወንበሯ አስገብቶ በማውጣት ነበር፤ እሷም ጠቧል እያለች ሁለት ጊዜ አስፈረሰቻቸው። የኔታ ያለ ቀለም የሚሠራ ሥራ ሲያገኙ የተባረኩ ሰው ሆኑ፤ በድሮ አብያተ ክርስቲያናት እንደሚንጠለጠለው ያለ፣ ሲመታ የሚጮህ የድንጋይ ደወል ፈልገው አመጡ። ተቀምጣ ያለች ልጅ እጇ በሚደርስበት ከፍታ ሰቀልነው። ማየት የማይችል ልጅም በድምፁ መንገዱን ያገኛል አሉ የኔታ፤ ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ ስለዚህ ተናደድኩ፣ ከዚያም አመሰገንኳቸው።

የቀረው መሬቱ ነው። ጠጠሩን ጠርገን ብርቄን አፈሩ ላይ ስንገፋት ጎማዋ ይሰምጣል። መሐንዲሱ ሲሚንቶ ይሻላል ብሎ አገጩን ያሻል። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ጠንካራ፣ ልስልስ፣ አንዲት ፍሬ እህል የማይውጥ መሬት እንዴት እንደሚበጅ አውቃለሁ። አውድማ ነው። ፋቅነው፣ ውኃ አጠጣነው፣ በእግራችን ደለደልነው፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ እበት በቅርጫት እየተሸከምን መጥተን በውኃ እያቀጠንን ለቀለቅነው። የመናፈሻው ዘበኛ አያ ቢሻው አፍንጫውን በጋቢው ይዞ ፊሽካ ነፋብን። ሰው ሳር ረገጠ ብሎ ፊሽካ የሚነፋ ሰው ነው፤ እበት ለሚለቀልቅ የሚሆን ፊሽካ ግን የተለየ አልነበረውም። ሦስት ፀሐይ ይምታው አልኩት፤ ከዚያ ምሳህን ብትበላበትም አይነካህም።

ሦስት ፀሐይ መታው። እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም። እንደ ተጠረበ ሰሌዳ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ሽታው የጠፋ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለበት። ብርቄን መሐሉ ላይ ለቀቅኳት። አንድ ጊዜ በእጇ ገፋ ስታደርግ ጎማው ዳር ድረስ ይዟት ሄደ። ቅዳሜ ነበር። እሑድን አረፍን። እንግዶቹ የሚመጡት ሰኞ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ላምን። ወሩ ታኅሣሥ ነው። አዝመራው ታጭዷል፣ ነዶው ተከምሯል፣ የአገሩ ገበሬ ሁሉ አውድማ ያበጃል። በዚህ ወር ባዶ የተለቀለቀ አውድማ ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ ማለት የተነጠፈ አልጋ መንገድ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው፤ የደከመው ሰው አይቶ ይጋደምበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ስለ ጎማ ብቻ እያሰብኩ እህልን ረሳሁት።

ሰኞ ማለዳ ብርቄን እየገፋሁ ስደርስ አውድማዬ ላይ የገብስ ነዶ ተከምሯል፤ አራት በሬዎች ጎን ለጎን ተይዘው እየዞሩ ያበራያሉ። ከመናፈሻው በስተጀርባ ማሳ ያለው አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነው። አያ ቢሻውን ፈለግሁት። ጫማውን በእጁ፣ ፊሽካውን በኪሱ ይዞ፣ በባዶ እግሩ መንሽ አንሥቶ ነዶ ይገለብጣል። ለምን አልከለከልክም ስለው «እህል ገብቶበት እንዴት ብዬ» አለኝ። እሱም የገበሬ ልጅ ነው ለካ።

ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን አውድማ ላይ ክፉ ቃል አይወጣም፤ በረከቱ ይሸሻል። ነዶውን ካየሁ ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ስድብ ተውኩት። የወጣልኝ «ያብዛው» የሚለው ብቻ ነው። ገበሬው አሜን ብሎ እጅ ነሣ። ይህን አውድማ ያበጀ ሰው እጁ ይባረክ፣ የእኔ ዘንድሮ በዝናብ ተበላሽቶብኝ ነበር፣ አምላክ ነው ያዘጋጀልኝ አለ። የአምላክን ቦታ ቀምቼ እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። ስነግረው ደነገጠ፤ እህሉን ላንሣ አለ። እህል ከአውድማ ሳይወቃ አይነሣም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም አፈርን።

ብርቄ ግን አላፈረችም። «አያ፣ እኔም ልንዳ?» አለችው።

ገበሬው አሰበ። ጫማ አውድማ አይረግጥም፤ ወንበር ግን ምንድን ነው? የሴት ልጅ ነገርም ሳያሳስበው አልቀረም፤ በእኛ አገር ሴት አውድማ ላይ ስትወጣ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ወንዶች ነበሩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ መሬቱን የለቀለቅሁበትን እጄን አሳየሁት። «ጎማዋ ይታጠብ» ብሎ ፈረደ። አያ ቢሻው ተንበርክኮ ጎማዋን በባልዲ ውኃ አጠበላት። ገበሬው ጅራፉን ሰጣት። ብርቄ ከበሬዎቹ ኋላ ገባች፤ «በል፣ ዙር» እያለች፣ አንድ እጇ በጎማው ላይ፣ አንድ እጇ በጅራፉ ላይ።

እንግዶቹ የደረሱት ይህን ጊዜ ነው። ደረጀ ከፊት፣ ሦስት ሰዎች ከኋላው፤ አንዱ ሱፍ የለበሱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ከላይ የሚባለው ቦታ ይኸው እሳቸው ናቸው። ደረጀ በሬዎቹን ሲያይ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሲያነሣ ገበሬው ድምፁን ሳያሰማ ወደ እግሩ ጠቆመው። ከተማ ያደገ ልጅ ስለሆነ አልገባውም። ሱፍ የለበሱት ሰው ግን ገባቸው፤ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። አለቃ ሲያወልቅ ማን ቆሞ ያያል፤ ቢሮው በሙሉ በታኅሣሥ ብርድ ባዶ እግሩን ሆነ። አውድማው ላይ የቀረ ጫማ የለም፤ የቀረው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም ታጥቧል።

ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳሰላስል ከበሬዎቹ አንዱ ጅራቱን ቀና አደረገ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውድማ የሚያውቅ ያውቃል፤ እህሉ ላይ ከመጣሉ በፊት በጭድ መቀበል ያስፈልጋል። ገበሬው በዚያኛው ዳር ነበር። አያ ቢሻውም ሩቅ ነበር። ሱፍ የለበሱት ሰው አንድ እቅፍ ጭድ አንሥተው፣ ሮጠው፣ ልክ በሰዓቱ ከበሬው ሥር ደረሱ። አንዲት ጠብታ እህል ላይ አልወደቀችም። ቀና ሲሉ ሁላችንም እያየናቸው ነበር። «አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር» አሉ፤ ጭዱን ይዘው፣ ሱፋቸውን ረስተው።

ከዚያ በኋላ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እሳቸው ብርቄን ቆመው አዩ። ሁለት ዙር ስትዞር አዩ። ከትምህርት ቤት ያመለጡ ልጆች ገለባው ላይ ሲወድቁ፣ ብርቄ «ከበሬው መንገድ ውጡ» እያለች ስታዝዛቸው አዩ። ጎማው የማይሰምጥበት ይህ መሬት ምንድን ነው ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። አበጃጀቱን ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ልጅ ሆነው ሲረግጡት ያደጉትን መሬት ለመጫወቻ ማንም አላሰበውም አሉ። ማን ነው ያቀደው ብለው ወደ ደረጀ ዞሩ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ነኝ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለዚህም መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ አውድማ ላይ መሆናችንንም ልረሳው ነበር። ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኚህ እናት ናቸው፣ ጌታዬ» አለ። «ዲዛይኑ የመጣው ከታች ነው። ሰፌዱ ቢሮዬ አለ።»

ሱፍ የለበሱት ሰው ወደ እኔ ዞረው «እጅዎ ይባረክ፤ ሌላውም እንዲሁ ይሠራ» አሉ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ፤ ለቀብር ስለደረስኩ፣ ለድግስ ስላገዝኩ። በሠራሁት ሥራ፣ በሰው ፊት፣ በባዶ እግራቸው ከቆሙ የመንግሥት ሰዎች ዘንድ ስመሰገን ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላዬን አጣፋሁ፤ አፌን የሸፈንኩት ፈገግታዬን ለመደበቅ ነው። አልተደበቀም።

ሦስቱ ደረጃዎች ፈርሰው በምትካቸው እየዞረ የሚወጣ ተዳፋት ተሠራ። ጠጠሩ ተጠረገ። ዥዋዥዌው አልቀረም፤ ጀርባና መደገፊያ ተሠራለትና የሚችልም የማይችልም በተራ ይወጣበታል። ኮረብታው ቆመ፣ ቦዩ ፈሰሰ፣ ቆርቆሮው ወልቆ አያ ቢሻው ለዶሮ ቤቱ ጣራ አደረገው። ገበሬው ገብሱን ወቅቶ፣ አንሥቶ ሲሄድ ገለባውን ለልጆቹ ተወላቸው፤ ቤት የሚያክል ክምር ነው። መሬቱ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ መለቅለቅ አለበት፤ በየዓመቱ ደቦ እንጠራለን፤ በየዓመቱም ከታች ሰፈር አንድ ሰው መጥቶ ባዶ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ በማይጫወቱበት ቀን ይወቃበት ብለን ወሰንን። አግዳሚ ወንበሩም አለ። ጽዱ ሥር ወስደው፣ ጽሑፉን ፍቀው አስቀመጡት፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይቀመጥበታል፣ ማለት እኔ።

የተመረቀ ቀን እዚያው ነበርኩ። ንግግሩ አለቀ፣ ልጆቹ ገቡ፣ ደረጀን ከረባቱን ይዘው ጎትተው ዓይን ጨፋኝ አደረጉት። ፊቱን ወደ ጽዱ ግንድ አዙሮ «ኩኩሉ» ይላል፤ እነሱ እየሮጡ «አልነጋም» ይላሉ። ብርቄ በአጠገቤ ስታልፍ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። ከዚያ የኔታ የድንጋዩን ደወል መቱ፤ ስመለከት እሷ የለችም።

አንድ አንድ እያለ አገኛቸው። ከኮረብታው ጀርባ ሁለት፣ ከገለባው አራት፣ አንዱን ከአያ ቢሻው ጋቢ ሥር። የተገኙትም ከፈላጊው ጋር ሆኑ። አያ ቢሻው ቀርቀሃውን ጎንበስ ብሎ ያያል። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ቦዩ ውስጥ ያያሉ፤ እዚያ ምን ትሠራለች ብለው እንደሆነ እንጃ። እኔ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጬ ኮራሁ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ ፈራሁ። ከዚያ ሁለቱንም ይዤ ተነሣሁ።

«ደረጀ» አልኩት፣ «ብርቄ የት ገባች?»

ከዋሻው በእጁና በጉልበቱ ወጣ። ፀጉሩ ላይ ገለባ፣ ከረባቱ በጀርባው ነው። ትንፋሹን ሰበሰበ።

«እኔም አላወቅሁም፣ እማማ» አለኝ። «ሁላችንም እየፈለግናት ነው።»